«የከዋክብት ሰማይ ይታያል» በሚል ሪፖርት ብቻ ሕክምና ይጀመራል? የልጆች የሆድ ሊምፎማ ባዮፕሲ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። የ6 ዓመት ወንድ ልጅ ሆዱ በ3 ሳምንት ውስጥ ተነፍቷል። አልትራሳውንድ ሲታይ በቀኝ በታችኛው የሆድ ክፍል፣ ትንሹ አንጀት ከትልቁ አንጀት በሚገናኝበት አካባቢ ትልቅ ዕጢ አለ፤ ሆድ ውስጥም ፈሳሽ ተጠራቅሟል። በመርፌ ከተወሰደው ናሙና የመጣው ሪፖርት «ትናንሽ ክብ ሰማያዊ ሴሎች ያሉት ዕጢ፤ የከዋክብት ሰማይ መልክ ይታያል፤ ሊምፎማ ይመስላል፤ በርኪት ሊሆን ይችላል፤ ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ይሠራ» ይላል። ሊምፎማ የሊምፍ ሴሎች ካንሰር ነው፤ በርኪት በጣም በፍጥነት የሚያድግ ዓይነቱ ነው፤ ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ደግሞ የሴሉን ፕሮቲኖች በፀረ እንግዳ አካል እየቀቡ መለየት ነው። ጠያቂው ሐኪም ማወቅ የፈለጉት በዚህ ሪፖርት ሕክምና መጀመር ይቻል እንደሆነ፣ ናሙና እንደገና መውሰድ ያስፈልግ እንደሆነና ዕጢውን አስቀድሞ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ይሻል እንደሆነ ነው።

በዚህ ሪፖርት ብቻ አይጀመርም። እንደገና መርፌ መውጋት ግን ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ የሚፈለገው መረጃ አሁን ላቦራቶሪ ውስጥ ባለው በፓራፊን ሰም የተቀበረ ናሙና (ብሎክ) እና ሆድ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ሊገኝ ይችላል። ዕጢውን ለማሳነስ ተብሎ ሆድ መክፈት ደግሞ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ምክንያቶቹን በየተራ ላስረዳ።

ባዮፕሲው የሚጠየቀው ልጁ የትኛውን የሕክምና መስመር ይያዝ የሚለውን ነው። በልጆች ላይ በርኪት ሊምፎማና ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴል ሊምፎማ በአንድ ፕሮቶኮል ይታከማሉ፤ አጭር፣ ግን በጣም ጠንካራ የሆነ፣ በጥቂት ወራት የሚያልቅ ኬሞቴራፒ ነው። ሊምፎብላስቲክ ሊምፎማ ግን እንደ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ተቆጥሮ 2 ዓመት ገደማ ይታከማል። ስለዚህ ፓቶሎጂስቶች «በርኪት ነው ወይስ ላርጅ ሴል?» እያሉ ሲከራከሩ ልጁ ሕክምና እየጠበቀ ሊቀመጥ አይገባም፤ ክርክሩ የሕክምናውን መስመር አይቀይረውም። የሚቀይሩት ጥያቄዎች «ሴሉ የበሰለ ቢ ሴል ነው ወይስ ገና ያልበሰለ ብላስት?» እና «ለመሆኑ ሊምፎማ ነው ወይ?» የሚሉት ናቸው። የእርስዎ ሪፖርት ለሁለቱም ገና መልስ አልሰጠም።

የከዋክብት ሰማይ የሚባለውን መልክ ሁሉም ያውቀዋል። ዕጢው ጥቅጥቅ ብሎ ጥቁር ሰማያዊ መስክ ይሆናል፤ በመካከሉ የሞቱ ሴሎችን ፍርስራሽ የዋጡ ማክሮፋጆች ነጣ ነጣ ብለው ተበትነው ይታያሉ። ይህ መልክ የሚመሰክረው ሴሎቹ በፍጥነት እየተባዙ በብዛትም እየሞቱ መሆናቸውን ብቻ ነው። ሊምፎብላስቲክ ሊምፎማ ያሳየዋል፤ ላርጅ ሴልም ያሳየዋል፤ ጤነኛ ጀርሚናል ሴንተር (በሊምፍ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ቢ ሴሎች የሚባዙበት ክብ ቦታ) እንኳ ማክሮፋጆቹ አሉት። በተቃራኒው ቀጭን የመርፌ ናሙና ላይ እውነተኛ በርኪት ያለ አንድ «ኮከብ» ሊመጣ ይችላል።

በመደበኛው ኤች ኤንድ ኢ ቀለም በተቀባው ስላይድ ላይ ከዚህ የበለጠ የሚናገረው የሴሉ ዝርዝር ነው። የበርኪት ሴሎች ከአንድ ቅርጽ የወጡ ይመስል መጠናቸው እኩል፣ መካከለኛ ነው። ኒውክሊየሳቸው ክብ ሆኖ በመጠን አጠገቡ ካለው ማክሮፋጅ ኒውክሊየስ ጋር ይቀራረባል፤ ውስጡ አንድ ትልቅ ሳይሆን ከ2 እስከ 5 የሚደርሱ ትናንሽ ኒውክሊዮለሶች አሉት። ፎርማሊን ውስጥ ሲቆይ ሳይቶፕላዝሙ ትንሽ ስለሚሸሽ የሴሎቹ ጠርዝ ማዕዘን እያወጣ እንደ ተገጣጠመ የወለል ንጣፍ ይታያል። የሚከፈሉ ሴሎች በየእይታው ብዙ ናቸው። ሊምፎብላስት ግን ክሮማቲኑ እንደ ደቃቅ ዱቄት የላመ፣ ኒውክሊዮለሱ በቀላሉ የማይታይ፣ ሳይቶፕላዝሙ ከስም ያለፈ ያልሆነ ነው። በጥሩ ስላይድ ላይ ልምድ ያለው ዓይን ይለያቸዋል። በተጨፈለቀ ወይም ዘግይቶ ፎርማሊን በገባ ናሙና ላይ ግን ማንም አይለያቸውም።

ስለ ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ቀለሞቹ አመራረጥ። የመርፌ ቁራጭ ትንሽ ስለሆነ ቀለም በዘፈቀደ አይታዘዝም። ብሎኩ በማይክሮቶም ላይ በወጣና በወረደ ቁጥር እንደገና ማስተካከል ስለሚያስፈልግ ሕብረ ሕዋሱ በከንቱ ይላጫል። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቆረጣ ላይ ከኤች ኤንድ ኢው ጋር ቀለም ያልነካቸው ከ10 እስከ 15 ስላይዶች፣ ከ3 እስከ 4 ማይክሮን ውፍረት፣ ተቆርጠው ይቀመጡ። የመጀመሪያው ዙር ሲዲ20 (የቢ ሴል ምልክት)፣ ሲዲ3 (የቲ ሴል ምልክት)፣ ሲዲ10 (የጀርሚናል ሴንተር ሴሎችም የቢ ብላስትም ምልክት)፣ ቲዲቲ (ያልበሰለ ሴል ምልክት) እና ኬአይ-67 (የሚባዙ ሴሎችን የሚያሳይ) ነው። እነዚህ 5 ቀለሞች አብዛኛውን ጊዜ የሕክምናውን መስመር ይወስናሉ። ሲዲ20 እና ሲዲ10 ፖዘቲቭ፣ ቲዲቲ ኔጋቲቭ፣ ኬአይ-67 ከ95 በመቶ በላይ፣ ሲዲ3 ደግሞ በተበተኑ ጥቂት ትናንሽ ቲ ሴሎች ላይ ብቻ ከሆነ የበሰለ ቢ ሴል ሊምፎማ፣ በአመዛኙም በርኪት ነው። ሁለተኛው ዙር ቢሲኤል6 (የጀርሚናል ሴንተር ምልክት)፣ ቢሲኤል2 (የሴል ሞትን የሚከለክል ፕሮቲን)፣ ሚክ (በበርኪት የሚለወጠው ጂን ፕሮቲን) እና ኢበር (የኤፕስታይን ባር ቫይረስ ምርመራ) ይሆናል። በርኪት ቢሲኤል6 ፖዘቲቭ ነው፤ ቢሲኤል2 ኔጋቲቭ ወይም በጣም ደካማ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ቲዲቲ ነው። ሲዲ10 በበርኪትም በቢ ሊምፎብላስቲክም ፖዘቲቭ ስለሚሆን አይለያቸውም። «ሲዲ10 ፖዘቲቭ ስለሆነ በርኪት ነው» የሚል ሪፖርት ካዩ ቲዲቲው የት እንዳለ ይጠይቁ። ቲዲቲ የሚነበበው ኒውክሊየስ ላይ ነው፤ ሳይቶፕላዝም ላይ የሚታይ ቡናማ ጭጋግ አይቆጠርም። ደግሞም በክፉ ፎርማሊን አያያዝ በቀላሉ የሚጠፋ ስለሆነ ኔጋቲቭ የሚባለው በዚያው ዕለት አብሮ የተቀባ የታይመስ (ቲዲቲ እንዳለው የሚታወቅ ሕብረ ሕዋስ) መቆጣጠሪያ ስላይድ ፖዘቲቭ ከሆነ ብቻ ነው።

ቢሲኤል2ም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው፤ መፍትሔው ግን እዚያው ስላይድ ላይ ነው። በዕጢው መካከል የተበተኑት ጤነኛ ቲ ሴሎች ቢሲኤል2 ፖዘቲቭ መሆን አለባቸው። እነሱ ቡናማ ሆነው ዕጢው ነጭ ከቀረ ውጤቱ እውነተኛ ኔጋቲቭ ነው። እነሱም ነጭ ከሆኑ ቀለሙ አልሠራም ማለት ነው፤ ይደገም። አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ፦ የጤነኛ ጀርሚናል ሴንተር ሴሎችም ቢሲኤል2 ኔጋቲቭ፣ ሲዲ10 እና ቢሲኤል6 ፖዘቲቭ፣ ኬአይ-67 ከፍተኛ ናቸው። ከትንሹ አንጀት ጫፍ በኢንዶስኮፒ የተወሰደች ቅንጣት ናሙና የልጆች አንጀት ውስጥ የሚገኘውን ጤነኛ የፔየር ሊምፎይድ ንጣፍ ብቻ ይዛ ልትመጣ ትችላለች። በእርስዎ ታካሚ ላይ ትልቅ ዕጢ ስላለ ይህ ሩቅ ነው፤ በሌላ ልጅ ላይ ግን ቀለሞቹን ብቻ ያነበበ ሰው ይሳሳታል። ጤነኛው ቅርጹን ይጠብቃል፦ ክብ ነው፣ ዳር ድንበር አለው፣ ጨለማና ብርሃን ክፍል አለው። ሊምፎማው የአንጀቱን ግድግዳ ጡንቻ ድረስ ሰርጎ ያፈርሰዋል።

ኬአይ-67 ሲነበብ ማክሮፋጆቹንና ትናንሾቹን ቲ ሴሎች አብሮ የሚቆጥር ሰው ከ98 ወደ 85 ያወርደዋል፤ ከዚያም «በርኪት አይደለም» ይላል። የሚቆጠሩት የዕጢው ሴሎች ብቻ ናቸው። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ዘግይቶ ከገባም ቁጥሩ በሐሰት ይወርዳል። መሃሉ ነጭ፣ ዳር ዳሩ ጥቁር ቡናማ የሆነ ስላይድ የአያያዝ ችግር ምልክት ነው፤ ንባቡ በደንብ ከተጠበቀው ዳር ላይ ይሁን።

ሲዲ20 እና ሲዲ3 ሁለቱም ኔጋቲቭ ቢመጡስ? «ሊምፎማ አይደለም» ለማለት አይቸኮል። ቢ ሊምፎብላስቲክ ሲዲ20 ላይኖረው ስለሚችል ፓክስ5 እና ሲዲ79ኤ ይጨመሩ። አናፕላስቲክ ላርጅ ሴል ሊምፎማ ሲዲ3ን አልፎ ተርፎም ሲዲ45ን ሊጥል ስለሚችል ሲዲ30 እና አልክ ይቀቡ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዕጢዎች ይታለፋል። ለኒውሮብላስቶማ ፎክስ2ቢና ሲናፕቶፊዚን፣ ለራብዶማዮሳርኮማ ዴስሚንና ማዮጀኒን፣ ለዊልምስ ደብሊውቲ1፣ ለኢዊንግ ሳርኮማ ሲዲ99 እና ኤንኬኤክስ2.2 ይሠራሉ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ሲዲ99 ነው። ሊምፎብላስቲክ ሊምፎማም ሲዲ99 ፖዘቲቭ ነው፤ ሲዲ45ም ሊጎድለው ይችላል። «ሲዲ45 ኔጋቲቭ፣ ሲዲ99 ፖዘቲቭ» የሚለው ጥንድ ብቻውን ኢዊንግ ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ ቲዲቲና ፓክስ5 ሳይሠሩ አይመኑት። ሲዲ56ም ኒውሮብላስቶማን አያረጋግጥም፤ ብዙ ዕጢ ይቀበለዋል።

ክሊኒካዊ መረጃው ፓቶሎጂስቱ እጅ ካልደረሰ ይህ ሁሉ ቀለም በጭለማ መተኮስ ነው። በጥያቄ ቅጹ ላይ «የሆድ ዕጢ» ብቻ ከመጻፍ ዕድሜው፣ ዕጢው ከምን እንደተነሳ፣ ኤልዲኤች (ሴሎች ሲሞቱ በደም ውስጥ የሚጨምር ኢንዛይም)፣ ዩሪክ አሲድ፣ ካልሲየም ያዘለ ዕጢ መሆን አለመሆኑ፣ ስቴሮይድ ተሰጥቶ እንደሆነ ይጻፍ። ለምሳሌ ሁለቱም ኩላሊት አብጠው ከተገኙ ከዊልምስ በፊት ሊምፎማና ሉኪሚያ ይታሰባሉ። ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ዊልምስ ያለ ባዮፕሲ በኬሞቴራፒ የሚጀመርባቸው ፕሮቶኮሎች ስላሉ የኩላሊት ሊምፎማ በስህተት በዚያ በር ሊገባ ይችላል።

ሳንባ ነቀርሳም ትንሹና ትልቁ አንጀት የሚገናኙበትን ቦታ ይወዳል። ናሙናው ውስጥ ግራኑሎማ ከታየ ዚል ኒልሰን ቀለምና ጂንኤክስፐርት ይሠሩ። ግን ግራኑሎማ መገኘቱ ሊምፎማን አያስወጣም፤ አንዳንድ በርኪት፣ በተለይ ኤፕስታይን ባር ቫይረስ ያለበት፣ ዕጢው እስኪሸፈን ድረስ ግራኑሎማ ያስነሳል። በግራኑሎማዎቹ መካከል ያሉት ሴሎች ሲዲ20 እና ኬአይ-67 ሳይቀቡ «ቲቢ» ተብሎ ፋይሉ አይዘጋ።

የናሙናው አያያዝ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ «መለየት አልተቻለም» የሚል ሪፖርት የሚወለደው ማይክሮስኮፕ ጋ ሳይሆን የአሠራር ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለልጅ የሆድ ዕጢ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ እየተመራ በ16 ወይም በ18 ጌጅ መርፌ፣ ከ4 እስከ 6 ቁራጭ ይወሰድ። የሞተው የዕጢው መሃል ሳይሆን ሕይወት ያለው ዳሩ ይወጋ። ቁራጮቹ በሙሉ ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ አይጣሉ። አንዱን ቁራጭ በጥንቃቄ ስላይድ ላይ ነካ ነካ እያደረጉ ከ6 እስከ 8 የሚሆኑ የንክኪ ስላይዶች ይሥሩ። ሲነኩ ይጫኑ እንጂ አይጎትቱ፤ የጎተቱት እንደሆነ የሊምፎማ ሴሎች እንደ ክር ይለጠጣሉ። ግማሾቹ በአየር ይድረቁ፤ ለጊምሳ ቀለምና ለፊሽ (የጂን መሰበርን በሚያበሩ ፕሮቦች ለሚያሳይ ምርመራ) ይሆናሉ። አንድ ቁራጭ ለፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሕያው ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር ለሚለይ ምርመራ) በአርፒኤምአይ (የሴል ማቆያ ፈሳሽ)፣ ከሌለ በሳላይን በራሰ ጋዝ ተጠቅልሎ፣ በዚያው ዕለት ላቦራቶሪ ይድረስ። ሳላይን ውስጥ እንዲዋኝ አይተው፤ ያብጣል፣ ይበላሻል። የቀሩት 10 በመቶ ቡፈርድ ፎርማሊን ውስጥ ይግቡ፤ የፈሳሹ መጠን ከሕብረ ሕዋሱ ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን፣ ቆይታውም ከ6 ሰዓት አይነስ፣ ከ48 ሰዓትም ባይበልጥ ይመረጣል። ፎርማሊን የገባ ሕብረ ሕዋስ ለፍሎው ሳይቶሜትሪ አበቃለት።

በአየር የደረቀው የጊምሳ ስላይድ ፓራፊን ፈጽሞ የማያሳየውን ነገር ያሳያል። የበርኪት ሴል ሳይቶፕላዝም ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ ውስጡ በመርፌ የተበሳ የሚመስሉ ጥርት ያሉ ክብ ቀዳዳዎች አሉት። ቀዳዳዎቹ ስብ ናቸው። በፓራፊን አዘገጃጀት ወቅት አልኮልና ዛይሊን ስቡን ስለሚያሟሙት አይታዩም። ይህን ስላይድ በ30 ደቂቃ ውስጥ ማንበብ ይቻላል። ብቻውን ማረጋገጫ ባይሆንም፣ ሊምፎብላስትም አልፎ አልፎ ቀዳዳ ስለሚያወጣ፣ በዚያው ምሽት ምን መዘጋጀት እንዳለበት ይነግራል።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። ሆዱ ውስጥ ፈሳሽ አለ፤ ያ ትልቅ ዕድል ነው። ከ20 እስከ 50 ሚሊ ሊትር በቀጭን መርፌ በአልትራሳውንድ እየተመራ ይቀዳ። አንዱ ክፍል ኢዲቲኤ ባለበት ቱቦ ለፍሎው ሳይቶሜትሪ፣ አንዱ ለሳይቶስፒን (በማሽከርከር ሴሎቹን ስላይድ ላይ ለማሳረፍ)፣ የቀረው ለሴል ብሎክ (ሴሎቹ ተሰብስበው በፓራፊን እንዲቀበሩ) ይሁን። በሴል ብሎኩ ላይ እላይ የተዘረዘሩት 5 ቀለሞች በሙሉ ይሠራሉ። ፍሎው ሳይቶሜትሪው ሲዲ19፣ ሲዲ20፣ ሲዲ10፣ ሲዲ45፣ ሲዲ34፣ ቲዲቲ፣ ካፓና ላምዳ (የፀረ እንግዳ አካል ሁለቱ ቀላል ሰንሰለቶች) ይይዝ። በሴሉ ገጽ ላይ ካፓ ብቻ ወይም ላምዳ ብቻ መታየቱ የበሰለ ቢ ሴል ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ፓራፊን ላይ ይህን በንጽህና ማየት ይከብዳል። መቅኔ ይወሰድ፤ መቅኔው 25 በመቶና ከዚያ በላይ በብላስት ወይም በበርኪት ሴል ከተያዘ በሽታው እንደ ሉኪሚያ ይቆጠራል። የመቅኔ አጥንት ቁራጭ በአሲድ ከሚለሰልስ በኢዲቲኤ ቢለሰልስ ዲኤንኤው ይተርፋል። የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽም ለሳይቶስፒን ይላክ።

ፊሽ ለሚክ ጂን ይታዘዝ፤ ውጤቱ ግን ሕክምናውን አያዘግይ። በበርኪት ወደ 80 በመቶ በሚሆነው ላይ በክሮሞዞም 8 እና 14 መካከል መለዋወጥ አለ፤ በቀሪው 8 ከ2 ወይም ከ22 ጋር ይለዋወጣል። ሚክን ሰንጥቆ የሚያሳየው ፕሮብ በጤነኛ ኒውክሊየስ ላይ ሁለት ቢጫ ነጥብ ያሳያል፤ ጂኑ ከተሰበረ አንዱ ቢጫ ወደ ቀይና አረንጓዴ ይለያያል። የተቆረጠ የፓራፊን ስላይድ ላይ ኒውክሊየሱ ራሱ ስለሚቆረጥ ነጥቦች ይጎድላሉ፤ የንክኪ ስላይዱ እዚህም የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ይህ ፕሮብ አንዳንድ የተደበቁ መለዋወጦችን ያልፋቸዋል። ስለዚህ ሁሉም ነገር በርኪት እያለ ፊሹ ኔጋቲቭ ከመጣ 8 እና 14ን የሚያጣምረው ፕሮብ ይጨመር፤ እሱም ኔጋቲቭ ከሆነ የክሮሞዞም 11 ረጅም ክንድ ለውጥ ይፈለግ። በተቃራኒው ሚክ መሰበሩ ብቻውን በርኪት አያሰኝም።

ኢበር የኤፕስታይን ባር ቫይረስን ያሳያል። ወባ በሚበዛባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች በሚታየው በርኪት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ነው፤ በሌላ ቦታ ግን አብዛኛው ኔጋቲቭ ነው። ስለዚህ ኢበር ኔጋቲቭ ሆነ ተብሎ በርኪት አይሰረዝም። ኤልኤምፒ1 የሚባለው ቀለም በኢበር ምትክ አይሠራም፤ ቫይረሱ እያለ እንኳ በበርኪት ላይ ኔጋቲቭ ነው።

ስቴሮይድ ናሙና ሳይያዝ አይሰጥ። ለማስታወክም ሆነ ለሆድ ሕመም ተብሎ የተሰጠ ዴክሳሜታዞን በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ የሊምፎማ ሴሎችን አቅልጦ ባዮፕሲውን ወደ ሙት ሕብረ ሕዋስ ይለውጠዋል፤ መቅኔውንና የሕብለ ሰረሰር ፈሳሹንም ያጸዳና ደረጃውን ያሳስታል። ከዚያ በላይ፣ ያለ ዝግጅት የተሰጠ አንድ ዶዝ የዕጢ መሟሟት ቀውስ ሊያስነሳ ይችላል፦ ፖታሲየም፣ ፎስፌትና ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ ይጨምራሉ፣ ካልሲየም ይወርዳል፣ ኩላሊት ይቆማል። በርኪት በ24 እስከ 48 ሰዓት እጥፍ የሚሆን ዕጢ ስለሆነ የባዮፕሲው ውጤት እየተጠበቀ ፖታሲየም የሌለበት ፈሳሽ በደም ሥር፣ ዩሪክ አሲድን የሚቀንሱት አሎፑሪኖል ወይም ራስቡሪኬዝ ይጀመር። ራስቡሪኬዝ የጂ6ፒዲ ኢንዛይም እጥረት ላለበት ልጅ አይሰጥም። እነዚህ ዝግጅቶች የምርመራ ስም አይጠብቁም፤ ኬሞቴራፒው ነው የሚጠብቀው።

ቀዶ ሕክምናን በተመለከተ፣ ዕጢውን ከፊሉን ቆርጦ ማውጣት ውጤቱን አያሻሽልም፤ ቁስሉ እስኪድን ኬሞቴራፒው ይዘገያል፣ ያ ጊዜ ደግሞ ለዕጢው ብዙ ነው። ሆድ የሚከፈተው አንጀት ሲበሳ፣ ሲደማ ወይም ሲዘጋ ነው። ልዩ ሁኔታ አንድ አለ፦ ትንሽ፣ አንድ ቦታ ላይ ያለ፣ ብዙ ጊዜም አንጀት በአንጀት ውስጥ ገብቶ የተገኘ ዕጢ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ልጁ የሚያስፈልገው ኬሞቴራፒ ያነሰ ይሆናል። ከ3 ዓመት በላይ በሆነ ልጅ አንጀት በአንጀት ከገባ መነሻ ዕጢ ሊኖር እንደሚችል ይጠርጠር። የወጣው የአንጀት ቁራጭ እንዳለ ፎርማሊን ማሰሮ ውስጥ አይከተት። ፎርማሊን በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚዘልቅ የወፍራም ዕጢ መሃል ሳይደርሰው ይበሰብሳል። ቀዶ ሐኪሙ አስቀድሞ ይደውል፤ አንጀቱ በትኩሱ ይከፈት፣ የንክኪ ስላይድና የፍሎው ናሙና ይወሰድ፣ ቀሪው በ3 ሚሊ ሜትር ይቆረጥ። በዚህ ልጅ ግን ትልቅ ዕጢና ፈሳሽ ስላለ ሙሉ በሙሉ ማውጣት የሚታሰብ አይደለም።

ከፓቶሎጂ ክፍሉ የሚጠበቀው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ያለ ነው፦ «በርኪት ሊምፎማ፤ ሲዲ20፣ ሲዲ10፣ ቢሲኤል6 ፖዘቲቭ፤ ቲዲቲ፣ ሲዲ3፣ ቢሲኤል2 ኔጋቲቭ፣ መቆጣጠሪያዎቹ ሠርተዋል፤ ኬአይ-67 ከ95 በመቶ በላይ፤ የሚክ ፊሽ በመጠበቅ ላይ»። «የበሰለ፣ ቲዲቲ ኔጋቲቭ የሆነ፣ በፍጥነት የሚያድግ ቢ ሴል ሊምፎማ» የሚል እንኳ ቢመጣ ለሕክምና ይበቃል። ሪፖርቱ ሲዲ20ን በግልጽ መጥቀስ አለበት፤ የበሽታው ደረጃ ከፍ ካለ ሪቱክሲማብ ስለሚጨመር፣ መድኃኒቱም የሚይዘው ሲዲ20ን ስለሆነ። ሪቱክሲማብ ከወሰደ በኋላ በሽታው ተመለሰ ተብሎ ናሙና ቢወሰድ ግን ሲዲ20 ሊጠፋ ስለሚችል በሲዲ79ኤ፣ በፓክስ5 እና በሲዲ19 ይነበብ።

ከሆድ ፈሳሹ የመጣው ፍሎው ካፓ ብቻ ያለው የበሰለ ቢ ሴል ነው ብሎ፣ የመርፌ ቁራጩ ደግሞ ቲዲቲ ፖዘቲቭ ነው ቢል፣ አንዱን መርጠው አይሂዱ። ቲዲቲው በሴል ብሎኩ ላይ ይደገም፣ የታይመስ መቆጣጠሪያው ይታይ፣ ፖዘቲቭ የተባሉት ኒውክሊየሶች የዕጢው መሆናቸው ሲዲ20 ከተቀባው ጎረቤት ስላይድ ጋር ይመሳከር። ያም ካልፈታው ብርቅ ቢሆንም ሚክ የተሰበረበትና ቲዲቲ ያለው ዕጢ ስለሚያጋጥም ፊሹ በአስቸኳይ ይሠራ፤ ስላይዶቹም የልጆች ሊምፎማ ለሚያነብ ሁለተኛ ፓቶሎጂስት በዚያው ዕለት ይላኩ።